የዱቤ መዝገብን ወደ መረጃ ቋት ስለ ማዛወር
(ለነጋዴዎችና ለጸሐፊዎቻቸው የቀረበ ትምህርት)



ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ፣ ላምበረት ላይ በሚገኝ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር በጸሐፊነት ሳገለግል ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ትምህርቴ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው። የኮምፒውተርን ሥራ የተማርሁት በሥራዬ ላይ እያለሁ፣ አንዳንዱን ከሚያውቁት ጠይቄ፣ አንዳንዱንም ተሳስቼ ነው። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ጕዳይ ይህ ነው፦ አንድ የንግድ ቤት የሽያጭና የዱቤ መዝገቡን በድረ ገጽ በሚሠራ አነስተኛ መተግበሪያ ለመያዝ ቢያስብ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የመረጃ ቋቱን ሞዴል እንዴት አድርጎ መወሰን ይገባዋል? ይህ የባለሙያዎች ጕዳይ እንጂ የእኛ አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። ያሳሰበኝን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ።

መደብራችን ሚስማር፣ ቀለም፣ ቆርቆሮ፣ ማጠፊያና ይህን የመሳሰለውን ይሸጣል። ከደንበኞቻችን እኩሌቶቹ የሰፈሩ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ እኩሌቶቹ በደብረ ብርሃንና በደሴ መንገድ ባሉት ከተሞች ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች ናቸው። እነዚህ በላምበረት መናኸሪያ ወርደው ዕቃቸውን ይመርጣሉ፤ ከፊሉን በእጅ ይከፍላሉ፤ የቀረውን በዱቤ ወስደው ገንዘቡን ኋላ በባንክ ወይም በቴሌብር ይልካሉ። ይህ ሁሉ የሚካሄደው በመተማመን ነው።

በ2017 ዓ.ም. አሠሪዬ የወረቀቱን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እንዳዛውር አዘዙኝ። እኔም በኤክሴል ላይ ረጅም ዝርዝር ከፍቼ፣ የደንበኛውን ስም፣ የወሰደውን ዕቃና የከፈለውን ገንዘብ በተከታታይ መጻፍ ጀመርሁ። ከደንበኞቻችን አንዱን፣ ስማቸውን ለመሸሸግ ያህል፣ አቶ ኃይሉ እንበላቸው። ዕቃ በወሰዱበት ቀን «ኃይሉ» ብዬ ጻፍሁ፤ ገንዘብ በላኩበት ቀን ግን «ሀይሉ» ብዬ ጻፍሁ። ሰውየው አንድ ናቸው፤ በኮምፒውተሩ ዘንድ ግን ሁለት ሰዎች ሆኑ። አንደኛው 37,250 ብር ዕዳ ያለበት፣ ሁለተኛው ደግሞ አንድ ሚስማር ሳይወስድ 30,000 ብር የከፈለ ሰው ሆነ። በወሩ መጨረሻ አሠሪዬ ዝርዝሩን አይተው ስልክ ደወሉና ሙሉውን ዕዳ ጠየቋቸው።

አቶ ኃይሉ በስልክ አልተከራከሩም። በማግሥቱ በማለዳ አውቶቡስ መጡና የባንክ ደረሰኞቻቸውን አንድ በአንድ በጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። «ይህን ያህል ዓመት ስመላለስ እናንተ ዘንድ ሰው የሆንሁ መስሎኝ ነበር» አሉ። አሠሪዬ ይቅርታ ጠየቁ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበረ፤ ምን እንዳጠፋሁ ለማወቅም ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። በወረቀቱ መዝገብ ላይ እኮ ስማቸውን በሦስት ዐይነት ፊደል ጽፌው ኖሬአለሁ፤ ከቶ አንድም ቀን ስሕተት አልደረሰም። ምክንያቱም በወረቀቱ መዝገብ እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ገጽ ነበረው፤ ፊታቸውን ሳይ ገጹን እገልጣለሁ። ኮምፒውተር ግን ፊት አያውቅም። እኛ በዐይናችን የምናውቀውን ነገር ሁሉ አስቀድመን ካልወሰንንለት፣ የጻፍንለትን ብቻ ያያል። የሞዴል ሥራ ማለት ይህን አስቀድሞ መወሰን ነው።

1ኛ/ ሞዴል ማለት ምን እንደ ሆነ

አዲስ መዝገብ ሲገዛ፣ ከመጻፉ በፊት ይሰመራል። ለቀኑ አንድ ዐምድ፣ ለዝርዝሩ አንድ ዐምድ፣ ለገቢውና ለወጪው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዐምድ ይደረጋል። በገቢው ዐምድ የሰው ስም የሚጽፍ ጸሐፊ የለም፤ መሥመሩ ይከለክለዋልና። የመረጃ ቋት ሞዴልም እንዲሁ ነው። መተግበሪያው አንዳች ነገር ከመመዝገቡ በፊት፣ ምን ምን እንደሚመዘገብ፣ እያንዳንዱ ነገር በምን መልክ እንደሚጻፍ፣ አንዱም ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ የሚወስን ሥርዓት ነው።

በመረጃ ቋት ውስጥ እያንዳንዱ መዝገብ ሠንጠረዥ ይባላል። የሠንጠረዡ ረድፍ አንድን ነገር፣ ለምሳሌ አንድን ደንበኛ ይይዛል። ዐምዱ ደግሞ የዚያን ነገር አንድ ጠባይ፣ ለምሳሌ የሚኖርበትን ከተማ ይይዛል። ይህን አሠራር በ1970 እ.ኤ.አ. ያቀረበው በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረ ኤድጋር ኮድ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ቋቶች መረጃውን በሰንሰለት አያይዘው ያስቀምጡ ስለ ነበረ፣ አንድ ነገር የሚፈልግ ሰው ሰንሰለቱ የሚያልፍበትን መንገድ ማወቅ ነበረበት። ኮድ ግን መረጃው ሁሉ በሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ አንዱ ሠንጠረዥ ከሌላው ጋር የሚገናኘውም በውስጡ በተጻፈው ዋጋ ብቻ ይሁን አለ። ይኸውም በሽያጩ መዝገብ ላይ «ደንበኛ ቍጥር 47» ተብሎ ከተጻፈ፣ በደንበኞች መዝገብ 47 ቍጥርን መፈለግ ይበቃል ማለት ነው። ዛሬም አብዛኛው የንግድና የባንክ መዝገብ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

2ኛ/ ስንት ሠንጠረዥ ያስፈልጋል?

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው በዚህ ነው። እንደ እኔ ሁሉንም በአንድ ሠንጠረዥ ያጭቃል። የአንድ ደንበኛ ስም፣ ስልክና ከተማ ዕቃ በወሰደ ቍጥር እንደ ገና ይጻፋል። ደንበኛው ስልኩን ቢለውጥ ጸሐፊው በአርባ ቦታ ማረም ይኖርበታል፤ በሠላሳ ዘጠኙ አርሞ አንዱን ቢረሳ፣ ከሁለቱ የትኛው እውነተኛ እንደ ሆነ ማንም አያውቅም።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ይሁን፦ በራሱ የሚቆምና በራሱ ጊዜ የሚለወጥ ነገር ሁሉ የራሱ ሠንጠረዥ ይኑረው፤ አንድም ነገር በአንድ ስፍራ ብቻ ይጻፍ። በዚህ ደንብ የእኛን ንግድ ስንመረምረው አምስት ሠንጠረዦች እናገኛለን፤ እነርሱም ደንበኛ፣ ዕቃ፣ ሽያጭ፣ የሽያጭ ዝርዝርና ክፍያ ናቸው። እያንዳንዳቸውን ከዚህ ቀጥለን እንመልከት።

3ኛ/ የደንበኛው ሠንጠረዥ

የመጀመሪያው ዐምድ የደንበኛው ቍጥር ነው። ይህ ቍጥር ቍልፍ ይባላል፤ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ለሌላ አይሰጥም፤ አይለወጥምም። የሰውን ስም ቍልፍ ማድረግ አይገባም፤ በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ሰዎች በአንድ ከተማ ብዙ ናቸውና። ስልክም ቍልፍ አይሆንም፤ ሰው ስልክ ይለውጣል፤ ሁለት ወንድማማችም በአንድ ስልክ ሊነግዱ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ስለ ስም አጻጻፍ። ከውጭ አገር ተሠርተው የሚመጡ መተግበሪያዎች ብዙዎቹ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተ ሰብ ስም» ይጠይቃሉ። በአገራችን የቤተ ሰብ ስም የለም። ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ የአባቱና የአያቱ ስም ይከተላል። ይህን ልብ ሳንል በውጭው ልማድ ብንሠራ፣ መተግበሪያው ዝርዝሩን በአባት ስም ፊደል ተራ ያሰልፍና ደንበኛችንን በምናውቀው ስሙ ስንፈልገው እናጣዋለን። ስለዚህ ሦስት ዐምዶች ይሰመሩ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ተራውም በራሱ ስም ይሁን። ደግሞም በአገራችን ሴት ስትዳር የባሏን ስም ስለማትወስድ፣ ባልና ሚስት አብረው ቢነግዱ በስማቸው አይተዋወቁም። አንዱ ስለ ሌላው የሚከፍል ከሆነ ይህንኑ የሚያስታውቅ ዐምድ ለብቻው ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ስለ ፊደላችን። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ዛሬ በአማርኛ ንግግር ድምፃቸው አንድ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መለያ ሥርዓት ሲገባ፣ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቍጥር ተሰጠው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚህ የተነሣ በኮምፒውተር ዘንድ «ኃይሉ»ና «ሀይሉ» እንደ «በቀለ»ና «ከበደ» የተለያዩ ናቸው። እኔን የጣለኝ ይህ ነው። መድኀኒቱ ሁለት ዐምድ ማስመር ነው። በአንደኛው ባለቤቱ ስሙን እንደሚጽፈው ይጻፍ፤ በደረሰኝ ላይ የሚወጣው ይህ ነው፤ የሰው ስም የራሱ ነውና ልናርመው አይገባንም። በሁለተኛው መተግበሪያው ራሱ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ መልሶ ይጻፍ፤ ለምሳሌ ሐንና ኀን ሁሉ ሀ፣ ሠን ሁሉ ሰ፣ ኃንና ሃንም ሀ ያድርግ። ፍለጋው የሚካሄደው በዚህ በሁለተኛው ነው። ጸሐፊው በየትኛውም ፊደል ቢጽፍ ሰውየው ይገኛል።

አራተኛ፣ ስልክ ቍጥር በቍጥር ዐምድ አይጻፍ፤ በጽሑፍ ዐምድ ይጻፍ እንጂ። የአገራችን የእጅ ስልክ በ09 ወይም በ07 ይጀምራል። በቍጥር ዐምድ የተጻፈ እንደ ሆነ ኮምፒውተሩ ፊተኛውን ዜሮ ትርጕም የለውም ብሎ ይጥለዋል፤ በኤክሴል ያዛወርኋቸው ስልኮች ሁሉ እንዲህ ሆነው ተበላሽተውብኛል። የግብር ከፋይ መለያ ቍጥርም አሥር አኀዝ ያለውና ብዙ ጊዜ በዜሮ የሚጀምር ስለ ሆነ በጽሑፍ ዐምድ ይያዝ። የሚደመርና የሚቀነስ ነገር ብቻ ቍጥር ነው፤ ስልክን ከስልክ ጋር የሚደምር የለም። አንድ ደንበኛ ብዙ ስልክ ያለው ቢሆን ደግሞ፣ ስልክ የራሱ ሠንጠረዥ ይሠራለት።

4ኛ/ የዕቃው ሠንጠረዥ

እዚህ የዕቃው ቍጥር፣ ስሙ፣ መለኪያውና የዛሬ ዋጋው ይጻፋል። መለኪያው መዘንጋት የለበትም፤ ሚስማር በኪሎ፣ ቀለም በጋሎን፣ ሲሚንቶ በኩንታል፣ ቆርቆሮ በቍጥር ይሸጣልና። መለኪያው ያልተጻፈ «5» ምን እንደ ሆነ ከስድስት ወር በኋላ የሚያስታውስ አይኖርም። መለኪያውንም ጸሐፊው እንደ ፈቀደ እንዳይጽፈው፣ መተግበሪያው ከተወሰነ ዝርዝር እንዲያስመርጠው ይደረግ። አለዚያ አንዱ «ኪሎ»፣ ሌላው «ኪ.ግ.» ብሎ እየጻፈ የዓመቱ ድምር ይበላሻል።

5ኛ/ ሽያጩና የሽያጩ ዝርዝር

አንድ ደረሰኝ ብዙ ዕቃ ይይዛል፤ አንድ ዕቃም በብዙ ደረሰኝ ይሸጣል። ይህ ዐይነቱ ግንኙነት በሁለት ሠንጠረዥ ብቻ ሊጻፍ አይችልም፤ በመካከላቸው ሦስተኛ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሽያጩ ሠንጠረዥ የደረሰኙን ራስጌ ይይዛል፤ የደረሰኙን ቍጥር፣ ቀኑንና የደንበኛውን ቍጥር። የሽያጩ ዝርዝር ሠንጠረዥ ደግሞ የደረሰኙን እያንዳንዱን መሥመር ይይዛል፤ የየትኛው ሽያጭ እንደ ሆነ፣ የትኛው ዕቃ እንደ ሆነ፣ ስንት እንደ ተሸጠና በስንት ዋጋ እንደ ተሸጠ።

አንባቢ ሆይ፣ ዋጋው በዕቃው ሠንጠረዥ ላይ ተጽፎ ሳለ፣ እንደ ገና በዝርዝሩ ላይ መጻፉ አንድ ነገር በአንድ ስፍራ ይጻፍ ያልነውን ደንብ የሚያፈርስ መስሎ ይታይህ ይሆናል። አያፈርስም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው የዛሬ ዋጋ ነው፤ ነገ ይለወጣል። ሁለተኛው በዚያ ቀን የተስማማንበት ዋጋ ነው፤ ለዘለዓለም አይለወጥም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ የዋጋ ዝርዝሩን ደጋግሞ ማደስ ግድ ሆኖበት ነበር። በዚያ ጊዜ ሽያጩ ወደ ዛሬው ዋጋ ብቻ የሚያመለክት መተግበሪያ ቢኖረን፣ አንድ ጋሎን ቀለም በ900 ብር የወሰደው ሰው፣ ዋጋው 1,300 ብር በሆነ ዕለት፣ ደረሰኙም 1,300 ብር ይሆንበት ነበር። ማንም ሳይነካው የደንበኛው ዕዳ ሌሊቱን ሲያድግ ያድራል ማለት ነው። ይህ ከሞዴል ጕድለት የሚመጣ ግፍ ነው።

የታክሱም ነገር እንዲሁ ነው። በአገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። ከዚያ በፊት ግን የነበረው የሽያጭ ታክስ ነበረ። ሕግ ሊለወጥ የሚችል ስለ ሆነ፣ 15 የሚለው አኀዝ በመተግበሪያው ሆድ ውስጥ ተቀብሮ አይቅር፤ በእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ በዚያ ቀን የተሠራበት መጠን ይጻፍ።

6ኛ/ ክፍያና ዕዳ

ክፍያን ከሽያጩ ጋር በአንድ ረድፍ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ነጋዴ ለአንድ ደረሰኝ ሁልጊዜ አንድ ጊዜ አይከፍልም። ሦስት ጊዜ ዕቃ ወስዶ አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ወይም አንድ ጊዜ ወስዶ አራት ጊዜ ይከፍላል። ስለዚህ ክፍያ የራሱ ሠንጠረዥ ይኑረው፤ የሚያመለክተውም ወደ ደንበኛው ይሁን። በውስጡ ቀኑ፣ ገንዘቡ፣ በምን መንገድ እንደ ተከፈለና የማረጋገጫው ቍጥር ይጻፉ። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በእጅ፣ በባንክና በስልክ ስለሚመጣ፣ የመጣበት መንገድ ካልተጻፈ የጠፋውን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ዕዳ የሚባል ዐምድ በየትኛውም ሠንጠረዥ አይኑር። ዕዳ የሚጻፍ ነገር አይደለም፤ ከተጻፈው የሚገኝ ሒሳብ ነው እንጂ። በአቶ ኃይሉ ምሳሌ እንመልከተው።

የመጀመሪያው ሽያጭ 18,400 ብር
ሁለተኛው ሽያጭ 7,250 ብር
ሦስተኛው ሽያጭ 11,600 ብር
የሽያጩ ድምር 37,250 ብር

የመጀመሪያው ክፍያ 20,000 ብር
ሁለተኛው ክፍያ 10,000 ብር
የክፍያው ድምር 30,000 ብር

ቀሪ ዕዳ 7,250 ብር

ይህ 7,250 ብር ለብቻው በአንድ ዐምድ ተጽፎ ቢሆን፣ አንድ ክፍያ በገባ ቍጥር ጸሐፊው እየቀነሰ ማረም ይኖርበታል። አንድ ቀን ይረሳል። ያን ጊዜ ክፍያው አንድ ነገር፣ ዕዳው ሌላ ነገር ይናገራሉ፤ ደንበኛውም ይከሰሳል። መተግበሪያው ዕዳውን በተጠየቀ ቍጥር ከሽያጩና ከክፍያው ቢያሰላው ግን፣ ሁለቱ የሚጣሉበት መንገድ የለም።

7ኛ/ ስለ ገንዘብና ስለ ቀን

ገንዘብ በተራ የነጥብ ቍጥር አይያዝ። ኮምፒውተር እንዲህ ያለውን ቍጥር በሁለት አኀዝ ስልት ስለሚያስቀምጠው፣ 0.1ና 0.2 ቢደመሩ 0.30000000000000004 ይላል። ጥቂት ቢመስልም፣ ሒሳብ የሚዘጋ ሰው አንዲት ሣንቲም ብትጐድል እንቅልፍ እንደማይወስደው ታውቃላችሁ። የመረጃ ቋቶች ለዚህ ያዘጋጁት ዴሲማል የሚባል ዐይነት ስላለ፣ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኀዝ ወስኖ በእርሱ መያዝ ነው።

ቀን ደግሞ የራሱ ችግር አለው። የመረጃ ቋቶች የሚያውቁት የአውሮፓን አቈጣጠር ነው። የእኛ ዓመት 13 ወር አለው፤ ጳጕሜን 5 ወይም 6 ቀን ነው፤ ሌሎቹ ወሮች ሁሉ 30 ቀን ናቸው። ጸሐፊው የካቲትን እንደ ፌብሩዋሪ ቈጥሮ የካቲት 30 ቀን 2017 ብሎ ቢያስገባ፣ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ቋቱ አልቀበልም ይላል። የከፋው ግን አልቀበልም ያለበት አይደለም፤ የካቲት 10 ብሎ ሲያስገባ ዝም ብሎ የተቀበለበትና ቀኑን በስምንት ዓመት ያራቀበት ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ እንዲህ ይሁን፤ በሠንጠረዡ ውስጥ ቀኑ በአውሮፓ አቈጣጠር ይቀመጥ፤ ጸሐፊው የሚያስገባበትና የሚያይበት ገጽ ግን በእኛ አቈጣጠር ሆኖ መተግበሪያው ራሱ ይመልሰው። የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በቋቱ ውስጥ ማርች 9 ቀን 2025 ሆኖ ይቀመጣል ማለት ነው። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው፤ የእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት በቋቱ 14 ሰዓት ነው።

8ኛ/ ስለ መሰረዝ

ስርዝ ድልዝ ያለበት መዝገብ እንደማይታመን ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። በወረቀት ላይ ስርዙ ይታያል፤ በኮምፒውተር ግን የተሰረዘው ነገር ምልክት እንኳ አይተውም። አንድ ደንበኛ ቢሰረዝ ሽያጮቹ ምን ይሆናሉ? ሞዴሉን የሚሠራው ሰው ይህን ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ አለበት። ሦስት መንገድ አለ። ሽያጮቹ አብረው ይጥፉ፤ ወይም ባለቤት አልባ ሆነው ይቅሩ፤ ወይም ሽያጭ ያለው ደንበኛ ጭራሽ እንዳይሰረዝ ይከልከል። ለንግድ መዝገብ የሚስማማው ሦስተኛው ብቻ ነው። መምጣት ያቆመ ደንበኛ «አሁን አይነግድም» የሚል ምልክት ይደረግበት እንጂ አይጥፋ። በስሕተት የተጻፈ ሽያጭም ቢሆን በተቃራኒ መሥመር ይመለስ፤ ማን በምን ቀን እንደ መለሰውም ይጻፍ።

9ኛ/ ከሞዴሉ ወደ ድረ ገጹ

ሞዴሉ በወረቀት ላይ ካለቀ በኋላ የቀረው የባለሙያው ሥራ ቀላል ነው። ለምሳሌ ጃንጎ የተባለው መሣሪያ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን፣ መነሻው በአሜሪካ አገር በካንሳስ የሎረንስ ከተማ ጋዜጣ ሠራተኞች ለድረ ገጻቸው ያዘጋጁት ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሁሉ በነፃ ተሰጠ። በእርሱ ሲሠራ ባለሙያው እያንዳንዱን ሞዴል በጥቂት መሥመር ይጽፋል፤ መሣሪያው ከዚያ ተነሥቶ ሠንጠረዡን ራሱ ያሰምራል። ቍልፍ የሚሆነውን ቍጥር ባለሙያው ባይጽፈው እንኳ ከራሱ ይጨምራል። አንዱ ሠንጠረዥ ወደ ሌላው እንዲያመለክት ሲደረግ ደግሞ፣ የሚመለከተው ረድፍ ቢሰረዝ ምን እንደሚደረግ ሳይነገረው አይቀበልም፤ ቀደም ብለን በ8ኛው ክፍል የተነጋገርንበት ውሳኔ የሚጻፈው እዚህ ነው። ኋላ አንድ ዐምድ መጨመር ቢያስፈልግ፣ የተጻፈው ሳይጠፋ ሠንጠረዡን የሚያሻሽልበት መንገድም አለው። ጀማሪ ሱቅ ቋቱን በአንድ ፋይል ብቻ በሚያስቀምጠው ኤስ ኪው ላይት ሊጀምር ይችላል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት ከሆነ ግን እንደ ፖስትግሬስ ያለ ትልቅ ቋት ይሻላል። በየትኛውም ቢሠራ ግልባጩ በየቀኑ ተወስዶ ከመደብሩ ውጭ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ዐምድ ማስመር ቀላል ስለ ሆነ፣ የሰውን ነገር ሁሉ ለመጠየቅ ያስጐመጃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ በኀላፊነት እንዲይዘው ያዛል። ሚስማር ለመሸጥ የደንበኛው የልደት ቀን አያስፈልግም። ሥራው የማይፈልገው ዐምድ አይሰመር።

10ኛ/ ለመልመጃ

አንባብያን ትምህርቱን በሥራ እንዲያዩት ሦስት ጥያቄ አቀርባለሁ። መልሱን በኮምፒውተር ሳይሆን በወረቀትና በማስመሪያ ሥሩት።

ሀ/ ከዱቤ መዝገባችሁ ሃያ ስም መርጣችሁ፣ ከእነርሱ ስንቱ በሁለት ዐይነት ፊደል እንደ ተጻፈ ቍጠሩ።

ለ/ አንድ ደንበኛ የወሰደውን ዕቃ ሁለት ጋሎን ቀለም ቢመልስ፣ ከአምስቱ ሠንጠረዦች በየትኛው ይጻፋል? የተመለሰበትስ ዋጋ የዛሬው ነው ወይስ የተገዛበት?

ሐ/ ንግዳችሁ በሁለት መደብር የሚካሄድ ቢሆን፣ ስድስተኛው ሠንጠረዥ ምን ሊሆን ነው? የትኞቹስ ሠንጠረዦች ወደ እርሱ ያመለክታሉ?

እነዚህን መመለስ የሚችል ጸሐፊ ባለሙያ ቀጥሮ ሲያሠራ አይታለልም። ባለሙያው ኮዱን ያውቃል፤ ደንበኛው ሦስት ጊዜ ወስዶ አንድ ጊዜ እንደሚከፍል ግን የሚያውቀው በጠረጴዛው የተቀመጠው ሰው ነው። ይህን ሳንነግረው የተሠራ መተግበሪያ ቢያምርም ሰው ያሳዝናል።

እኛም መዝገባችንን ከላይ በተጻፈው ሥርዓት እንደ ገና አሰመርን። አቶ ኃይሉ ብዙ ወር ከቀሩ በኋላ አንድ ማለዳ መጡ። ቀሪውን 7,250 ብር ቈጥረው ሰጡኝና፣ ደረሰኛቸውን ተቀብለው መጀመሪያ የደንበኛውን ቍጥር፣ ቀጥሎ ስማቸውን አነበቡ። ስማቸው በኃ ተጽፎአል፤ እርሳቸው እንደሚጽፉት። «አሁን ልክ ነው» አሉና ሁለት ካርቶን ሚስማር በዱቤ ጠየቁ።